100 ገብቶ፣ 30 ወጥቶ፣ 130 የቀረበት ማታ

ማክሰኞ ማታ ነው። ቢሮ ውስጥ የቀረነው እኔና አንድ ባልደረባዬ ብቻ ነን። ስክሪኔ ላይ አንድ ቁጥር አፍጥጦ ያየኛል፤ 130። መሆን የነበረበት 70 ነው።

የምንሠራው ፕሮግራም የመጋዘን መዝገብ ያነባል። እያንዳንዱ መስመር «ገቢ» ወይም «ወጪ» በሚል ቃል ይጀምራል። ቀጥሎ ብዛቱ፣ ከዚያ ቀኑ ይመጣል። የመሞከሪያ ፋይሌ ሁለት መስመር ብቻ ነው። 100 ካርቶን ገባ። 30 ካርቶን ወጣ። ፕሮግራሙ ግን የወጣውን ደምሮ 130 ቀረ ይለኛል።

ቀጥ ብሎ ቢቆም ይሻለኝ ነበር። የቆመ ፕሮግራም ቢያንስ የት ጋ እንደቆመ ያሳያል። ይሄ ግን አልቆመም፣ አልጮኸም። በሰላም ሠርቶ የተሳሳተ ቁጥር አወጣ። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ይህን ቁጥር አምኖ የሌለ ዕቃ ቢሸጥስ? ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

የነካሁት ነገር ትንሽ ነበር። «ተመላሽ» የሚል ሦስተኛ ቃል ልጨምር ነው፤ ደንበኛ የመለሰው ዕቃ የሚመዘገብበት። የመዝገቡን ሰዋስው በያዘው ፋይል ውስጥ በ«ገቢ» እና በ«ወጪ» መሀል አስገባሁት። ቃላቱን ከጽሑፉ ለይቶ የሚያወጣውን ሌክሰር ነገ እነካዋለሁ ብዬ ተውኩት። ከዚያ በፊት የድሮዎቹ ቃላት እንደነበሩ መሥራታቸውን ላረጋግጥ ብዬ ሞከርኩ። 130።

ባልደረባዬን ጠራሁት። ለውጡን ወደ ራሱ ላፕቶፕ አውርዶ ቢልድ አደረገ፤ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀየረው ማለት ነው።

«70 ነው» አለኝ። «አንተ ጋ ብቻ ነው።»

ኮዱ አንድ ነው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለርም አንድ ነው። የፋይሎቹን ለውጥ የሚከታተለውን ጊትን ስታተስ ብዬ ብጠይቀው ምንም የተለወጠ ነገር የለም ይለኛል። የቢልድ ፎልደሩን ከነነፍሱ አጥፍቼ ከዜሮ ጀመርኩ። አሁንም 130። መብራት አጥፍተን ወጣን።

ረቡዕን እስከ ምሳ ሰዓት የፈጀሁት የሚደምረውንና የሚቀንሰውን ኮድ በማንበብ ነው። ምንም ጥፋት የለበትም። ከምሳ በኋላ ሌላ መንገድ ያዝኩ። ለኮምፓይለራችን ለጂሲሲ በካፒታል ኤች የሚሰጥ አንድ ትዕዛዝ አለ። ኮምፓይል ሲያደርግ የትኛውን ሄደር ፋይል (ሌሎች ፋይሎች የሚጋሯቸው ስሞችና ቁጥሮች የሚጻፉበትን) ከየት እንዳነበበ በዝርዝር ያወጣል። በሌክሰሩ ላይ ሞከርኩት። ፓርሰር ዶት ኤች የሚለው ፋይል ከቢልድ ፎልደር መነበብ ነበረበት። ዝርዝሩ ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። የተነበበው እኛ የጻፍነው ኮድ ካለበት ከሶርስ ፎልደሩ ውስጥ፣ ከራሱ ከሌክሰሩ አጠገብ ነው።

እዚያ ፋይል መኖሩን አላውቅም ነበር። ቀኑን አየሁት። ቢልድ ሲስተም ከመቀየራችን በፊት የተጻፈ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዋስውን ወደ ሲ ቋንቋ ኮድ የሚቀይርልን ባይሰን የሚባል ፕሮግራም ነው። ባይሰን ለእያንዳንዱ ቃል ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ከ258 ይጀምራል፤ ከዚያ በታች ያሉት ለነጠላ ፊደላትና ለራሱ ጉዳይ የተያዙ ናቸው። ቁጥሮቹን ፓርሰር ዶት ኤች ላይ ይጽፋቸዋል፣ ሌክሰሩም ከዚያ ያነባቸዋል። በድሮው ፋይል «ገቢ» 260፣ «ወጪ» 261 ነበሩ። እኔ መሀል ላይ «ተመላሽ»ን ሳስገባ 261 የእሱ ሆነ፣ «ወጪ» ወደ 262 ተገፋ። ሌክሰሩ ግን የሚያነበው የከረመውን ፋይል ነው። «ወጪ»ን ባየ ቁጥር 261 ይላል። ከሌክሰሩ ቁጥሮቹን ተቀብሎ መስመሩን የሚተረጉመው አዲሱ ፓርሰር 261ን «ተመላሽ» ብሎ ይሰማና ወደ መጋዘኑ ይደምረዋል። ሁለቱም የተነገራቸውን በትክክል ነው የሠሩት። ያን ማታ ሌክሰሩ ላይም «ተመላሽ»ን ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ኮምፓይለሩ «ይህን ስም አላውቀውም» ብሎ ወዲያው ያስቆመኝ ነበር።

ታዲያ ፋይሉ ከየት መጣ? አውቶቱልስ ከሚባለው የድሮ ቢልድ ሲስተማችን ወደ አዲሱ፣ ወደ ሜሰን፣ ከተዛወርን ገና አንድ ወር አልሞላም። በአውቶቱልስ ጊዜ እዚያው ሶርስ ፎልደሩ ውስጥ ነበር ቢልድ የማደርገው። ባይሰንም የሚያወጣውን እዚያው ያስቀምጣል። ሜሰን ደግሞ ሁሉንም ነገር በተለየ ፎልደር ውስጥ ነው የሚሠራው። ይህ ንጽሕናው ነው ያዘናጋኝ፤ ፎልደሩን ካጠፋሁ ሁሉም የጠፋ መሰለኝ። ግን ሲ ላይ በትእምርተ ጥቅስ የተጠራ ሄደር መጀመሪያ የሚፈለገው ከጠሪው ፋይል አጠገብ ነው። አጠገቡ ደግሞ የከረመው ተቀምጧል። ጊትም ዝም ያለው ማሽን የሚጽፋቸውን ፋይሎች ችላ በል ብለን ራሳችን ስላዘዝነው ነው። ከዝውውሩ በኋላ ሁለት ሳምንት ሰላም የነበረውም ሰዋስው ስላልተነካ ነው። አሮጌውና አዲሱ ፋይል ቃል በቃል አንድ ነበሩ። ባልደረባዬ ደግሞ ላፕቶፕ የቀየረው ባለፈው ሳምንት ነው። ሪፖውን (የኮዱን ማከማቻ) እንደ አዲስ ክሎን አድርጎ ስላወረደ ፋይሉ እሱ ጋ ከነጭራሹ የለም።

ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ግን ከመዛወራችን በፊት አውቶቱልስ ቢልድ የሚያደርግበትን ሜክን፣ ሜክ ክሊን ብዬ አጽዳ ማለቴ ነው። አጽድቼ ነው የወጣሁት ብዬ አምኜ ነበር። የአውቶቱልስ አካል የሆነው አውቶሜክ ግን በክሊንም ሆነ ይበልጥ በሚያጸዳው በዲስትክሊን የባይሰንን ፋይሎች አያጠፋም። ምክንያት አለው፤ ጥቅሉን አውርዶ የሚጭን ሰው ባይሰን ላይኖረው ይችላል፣ ስለዚህ ፋይሎቹ ከጥቅሉ ጋር አብረው ይሄዳሉ። የሚያጠፋቸው ሜክ ሜንቴነር ክሊን ብቻ ነው። እኔ ያንን ሳልል የድሮውን ሲስተም ፋይሎች በሙሉ ሰረዝኩ። ያን ፋይል ማን እንደጻፈውና እንዴት እንደሚጠፋ የሚያውቀው የሜክ መመሪያ የሆነው ሜክፋይሉ ነበር። እሱ ሄደ፣ ፋይሉ ያለ ባለቤት ቀረ።

ረቡዕ ማታ የሜክ አነሳስ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ ስቱዋርት ፌልድማን ሜክን የጻፈው ስቲቭ ጆንሰን እየተበሳጨ ቢሮው ከገባ በኋላ ነው። ጆንሰን ስህተቱን አርሞ ሳለ እንደገና ኮምፓይል ያልተደረገ ፋይል ስለቀረ፣ ምንም ጥፋት የሌለበትን ፕሮግራም ሲመረምር ረፋዱን ሁሉ አባክኖ ነበር። የባይሰን አያት የሆነውን ያክን የጻፈውም ይኸው ጆንሰን ነው። ይህን ሳስብ ቀለል አለኝ። እንዲህ ያለ የከረመ ፋይል እሱንም አድክሞታል።

የከረመውን ማጥፋት ከባድ አይደለም፣ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ጊት የማይከታተላቸውን ፋይሎች የሚያጠፋውን ጊት ክሊንን መጀመሪያ ዝርዝር ብቻ እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ፓርሰር ዶት ኤች አለ። የቢልዱን ምርጫዎች የሚይዘው የድሮው ኮንፊግ ዶት ኤችም አለ፤ እሱም ተራውን እየጠበቀ ነበር። ግን እዚያው ዝርዝር ላይ የራሴ የዳታቤዝ ፓስወርድ ያለበት ፋይልም አለ። ሳላይ አጥፋ ብለው ኖሮ እሱም አብሮ ይሄድ ነበር። አንድ በአንድ እየለየሁ አጠፋሁ። ቢልድ አደረግኩ። 70።

ሄደሩን በትእምርተ ጥቅስ ፋንታ በማዕዘን ቅንፍ መጥራትም ይቻላል። የአውቶቱልስ አካል የሆነው የአውቶኮንፍ መመሪያ ለኮንፊግ ዶት ኤች የሚመክረው እሱን ነው። እኔ ግን ፋይሉ እዚያው ተቀምጦ እያለ እንቅልፍ አይወስደኝም። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ የሚያደርገው ይበልጥ ልቤን ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው በቁጥር 16 ሜሰንን ሲጨምሩ ሶርስ ፎልደሩ ውስጥ የድሮ ቢልድ ርዝራዥ ካለ አልሠራም ብሎ እንዲቆም አደረጉት። የሚጋጩትን ፋይሎች ስም ዘርዝሮ እንዴት እንደሚጠፉም ይናገራል። ከኋላ ለሚመጣ ሰው ማሰብ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

እኛም ጋ አስገባሁት። አምስት መስመር ነው። ሶርስ ውስጥ ፓርሰር ዶት ኤች ወይም ኮንፊግ ዶት ኤች ካገኘ ቆሞ «ይህን ፋይል አጥፋ፣ የድሮው ቢልድ ርዝራዥ ነው» ይላል። ሐሙስ ጠዋት ሌላ ፎቅ ያለች ባልደረባችን ጋ ቆመ። ፋይሉን አጥፍታ ሥራዋን ቀጠለች። የነገረችኝ ለምሳ ስንወርድ ነው፣ እንደ ተራ ወሬ።

ከሰዓት በኋላ ሌክሰሩን ከፍቼ «ተመላሽ»ን ጨመርኩ። የመሞከሪያ ፋይሌ ላይ ሦስተኛ መስመር ጻፍኩ፤ 5 ካርቶን ተመለሰ።

75።