ስድስተኛዋ ክንፍ

የጀልባ ሞተር በደህና ሲሠራ ከኋላው በቀጭኑ ውሃ ይሸናል። እኛ ጣና ላይ ጀልባ የምንነዳ ሰዎች እንዲህ ነው የምንለው፤ የተሻለ ጨዋ ቃል አላገኘንለትም። ያቺ ቀጭን ውሃ ሳትቋረጥ ከወረደች ሞተሩ ከሐይቁ የሳበው ውሃ በውስጡ እየዞረ እያቀዘቀዘው ነው ማለት ነው። የእኔ ሞተር ከጥምቀት ሰሞን ጀምሮ ይንጠባጠብ ነበር። አይቼዋለሁ። ቀዳዳውን በሽቦ ወጋ ወጋ አደረግሁት፤ ትንሽ ሲሻለው ተውኩት፤ እንዲሁ እያየሁት አንድ ወር ሙሉ ሰው አመላለስኩበት።

ሞተሩን ያገለገለ ነው የገዛሁት። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚጠጣ ዓይነት ሲሆን የዋጋው ግማሽ ከእህቴ የተበደርኩት ነው። ስለዚህ ሥራ አቁሜ ላስፈትሸው የሚለው ሐሳብ በመጣብኝ ቁጥር የእህቴ ፊት ድቅን ይልብኛል። ሰበብ መሆኑን አሁን አውቃለሁ።

የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ 12 እናቶችና አንድ የልጅ ልጅ ይዤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ተሻገርኩ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው፣ ጠበል ጸዲቅ ቀምሰው፣ ገሚሶቹ የዘጌ ቡና በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲመለሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆነ። በዚያ ሰዓት ነፋሱ ይነሣል። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ጥልቀቱ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳን 14 ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይቆጣል። ማዕበሉ አጫጭርና ተከታታይ ስለሆነ ጀልባን በጥፊ እንደመምታት ነው።

መንገዱን ሳናጋምስ የተቃጠለ ቀለም ሸተተኝ። የሞተሩ ድምፅ እንደታነቀ ሰው ቀጠነና ጸጥ አለ። ክዳኑን ባነሣው እንፋሎት ፊቴን ገረፈኝ። እናቶች ስለ ኪዳነ ምሕረት እያሉ ይማጠናሉ፤ እኔ የውሃ መቅጃ ጣሳዬን ይዤ ከሐይቁ ቀዳሁ። ላፈስበት ስል ስልኬ ጮኸ። ቀደም ብዬ የደወልኩለት ጓደኛዬ ለአንድ አንጋፋ መካኒክ ነግሯቸው ኖሮ እሳቸው ናቸው የደወሉት። ሐይቁ ዳር ሁሉም ሰው ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው።

«ውሃ አፍስሰህበታል?» አሉኝ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ላፈስ ነበር፣ ጋሼ።»

«ጣሳውን አስቀምጥ። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰበት ይሰነጠቃል። ራሱ ይብረድ። እናቶቹ ተንሳፋፊ ጃኬት አጥልቀዋል?»

አልዋሽም፣ ጃኬቶቹ መቀመጫው ሥር ታጭቀው ነበር። አወጣሁ፤ አለበስኩ።

ለካ እሳቸውም ለበዓሉ ዘጌ ነበሩ። በራሳቸው ጀልባ ሲደርሱ በነጭ በነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸንፍጠው ነው። ሞተሬን ዞር ብለው አላዩትም። ጀልባዎቹን አጠጋግተው እናቶቹን አንድ በአንድ እጃቸውን እየያዙ ወደ ራሳቸው አሻገሯቸው፤ ልጁን በመጨረሻ በብብቱ አንሥተው አሳለፉት። «ሞተር ይጠብቃል» አሉኝ ገመዱን ሲያስሩ። የእኔን ጀልባ ጎትተው ባሕር ዳር ስንደርስ ጨልሟል፤ ነጩ ሱሪ ከጉልበት በታች የሞተር ዘይት ጠጥቷል። ከእናቶቹ አንዷ ብር ሲሰጧቸው እንቢ አሉ። ሌላዋ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ እፍኝ ቡና ሲፈቱላቸው ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ።

እዚያው ዳር ላይ የነበረ አንድ ሞተር የሚነግድ ሰው ክዳኑን ገልጦ አየና «ይሄማ ሞቷል፤ ፒስቶኑ ቀልጧል» ብሎ የብረት ዋጋ የማይሞላ ገንዘብ አቀረበልኝ። የዚያን ሌሊት ተኝቼ ያሰብኩት የሰውየውን ገንዘብ መቀበልን ነበር። እዳዬን ባላቃልልበትም ከነገሩ እገላገልበት ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ጋሼ ጋር ሄድኩ። የሥራ ቦታቸው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ አግዳሚና ውሃ የሞላ በርሜል ነው። መፍቻውን አቀበሉኝና እሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ሁለቱንም ካንዴላዎች አስፈቱኝ። «አውራ ጣትህን ቀዳዳው ላይ ድፈን፤ ገመዱን እኔ እስባለሁ» አሉ። ሲስቡት አየሩ ጣቴን ገፍቶ አስነሣው። ሁለተኛውም እንዲሁ። «ትንፋሽ አለው። ማነው ሞቷል ያለህ?» ሰውየውን ነገርኳቸው። ምንም አልተናገሩም፤ ጉንጫቸውን ብቻ ነፋ አደረጉ። እሳቸው ራሳቸው ሞቷል ቢሉኝ ኖሮ አምኜ እሸጥላቸው ነበር፤ ይህንንም ያውቃሉ።

ከዚያ የሞተሩን የታችኛውን እግር ፈታን። ፈታሁ ማለት ይሻላል፤ እሳቸው በጣት ብቻ ነው የሚያሳዩኝ። የማርሹን ዘንግ መጀመሪያ አላቅቅ፣ ብሎኖቹን በተርታ ደርድር፣ እግሩን ቀጥ አድርገህ ወደ ታች ሳብ። በውስጡ የውሃ ፓምፑ አለ፤ አራት ብሎን። ክዳኑ ሲነሣ የእጅ መዳፍ የማትሞላ የጎማ መዘውር ወጣች። ውሃ የምትስበው እሷ ናት። ክንፎቿ ስድስት መሆን ነበረባቸው፤ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ጠርዛቸው በደለል ተበልቷል። በክረምት የጣና ውሃ ምን ያህል ጭቃ እንደሚሸከም ያየ ሰው አይደነቅም። መግቢያው ወንፊት ላይ ደግሞ የእምቦጭ ሥር እንደ ፀጉር ተጠቅልሎበታል። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ሥር ስንቱን ሞተር እንዳነቀ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

አዲስ ጎማ ፍለጋ ልሄድ ስቸኩል እጄን ያዙኝ።

«ቁጠር።»

የተቆረጡትን ቁርጥራጮች ከፓምፑ ቤት እየለቀምኩ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩ። ሦስት አገኘሁ። መዘውሯ ላይ ከቀሩት ሁለቱ ጋር አምስት። «ስድስተኛዋስ?» አሉኝ። ወድቃ ይሆናል አልኳቸው። ተነሥተው ውሃ ወደ ላይ የሚወስደውን ቀጭን የመዳብ ቱቦ በጥፍራቸው መቱት። «ጎማ የትም አይሄድም። እዚህ ውስጥ ቆሞ ይጠብቅሃል። አዲስ ብታስገባበትም በሳምንቱ መልሰህ ዘጌ መንገድ ላይ ትቆማለህ።» ቱቦውን ነቅለን በአፌ ነፋሁበት፤ አልወጣ አለ። ከላይ ቀጭን ሽቦ ሰድደን ስንገፋ አንዲት ጥቁር ቁራጭ እንደ ባቄላ ቅርፊት ከታች ወደቀች። እስካሁን የቁልፍ ሣጥኔ ውስጥ አለች።

አሁን አዲስ ጎማ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ውስጥ የለም፤ አዲስ አበባ ደውለን ጠየቅን፤ የዚያ ልክ አልተገኘም። ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው ወደ ጥግ ሄዱና የራሳቸውን ሁለተኛ ሞተር እግር መፍታት ጀመሩ። ምን እያደረጉ እንደሆነ የገባኝ ጎማዋን ጠርገው ሲያቀብሉኝ ነው። ለመከልከል አፌን ስከፍት «የእኔ ሞተር እዳ የለበትም» አሉ። ስለ እህቴ ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጎማዋን የሳሙና ውሃ አስነክረን፣ ዘንጉን በሰዓት አቅጣጫ እያዞርን ነው ያስገባናት፤ ክንፎቿ ከሚዞሩበት አቅጣጫ ወደ ኋላ እንዲተኙ። ሞተሩን በርሜሉ ውስጥ አቁመን ገመዱን ሳብኩ። በሦስተኛው ተነሣ። ጥቂት አንገራግሮ ከኋላው ቀጥ ያለ ውሃ ወረደ። እንደዚያ ቀን ሽንት ያስደሰተኝ ጊዜ የለም።

በመሃሉ ጀሪካኔን ከፍተው ቤንዚኑን በጣታቸው አሽተው ነበር። ዘይቱን በምን እንደምለካ ሲጠይቁኝ በግምት አልኳቸው። ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው ልኩ፤ ለእኔ 25 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ሊትር ማለት ነው። ግማሽ ሊትር የምትይዝ የውሃ ላስቲክ ላይ በምስማር መስመር ጭረው ሰጡኝ። ሌላ መለኪያ ገዝቼ አላውቅም።

ሒሳቡን ስጠይቃቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር።

«የትናንቱ በዓል ነው፤ በበዓል ቀን አልሠራም። ስለዚህ ትናንት ምንም አልሠራሁም።»

«የዛሬውስ፣ ጋሼ?»

«ዛሬ የሠራኸው አንተ ነህ። ጎማዋን ግን ትመልሳለህ።»

ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ ገዝታ ከአንድ መንገደኛ ጋር እስክትልክልኝ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ሰባቱንም ሳምንት የጋሼ ሁለተኛ ሞተር እግሩ ተፈትቶ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ አንድ ቀንም ደውለው አልጠየቁኝም። ሁለት አስመጥቼ ሁለቱንም ይዤላቸው ሄድኩ። አንዷን ሞተራቸው ውስጥ እዚያው አስገቧት። ሁለተኛዋን እንቢ ይላሉ ብዬ ስሰጋ ተቀብለው ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር ሰቀሏት። «ለሚቀጥለው ቸልተኛ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ የሞተሩን እግር ራሴ እፈታለሁ፤ ትርፍ ጎማም ከጀልባዋ አይለይም። ጃኬቶቹን ሰው ሳይሳፈር አድላለሁ፤ የሚያጉረመርም አይጠፋም። ባለፈው ወር ሻይ ልጋብዛቸው በጀልባ ስጠጋ ከአግዳሚው ሳይነሡ፣ ዞር ብለውም ሳያዩኝ ጆሯቸውን አቀኑ።

«ካንዴላዎቹን መቼ ነው ያየሃቸው?»

«በቅርቡ ነው፣ ጋሼ።»

መፍቻውን ወረወሩልኝ።