ቀኑን ከእራት ጀምሮ ወደ ኋላ፦ በፈረንሳይ ገጠር በመኪና

እኔና ባለቤቴ ከጀርመን ተነስተን የፈረንሳይን ገጠር በመኪና ስንዞር ቀኑን የምናቅደው ከማታው ጀምረን ነበር። መጀመሪያ የምናድርበት ቤት፣ ቀጥሎ እራት የሚቀርብበት ሰዓት፣ ከዚያ በመሀል የሚታየው። ብዙ ሰው ካርታ ላይ የሚያምሩ ቦታዎችን ደርድሮ ማደሪያውን መጨረሻ ላይ ይፈልጋል። ለትልልቅ ከተሞች ይሆናል፤ ለገጠሩ ግን አይመችም።

ምክንያቱም የምናድረው የሰው ቤት ነው። ሻምብር ዶት ይሉታል። ባለቤቶቹ እዚያው እየኖሩ ትርፍ ክፍላቸውን ያከራያሉ፤ ሕጉ ከ5 ክፍልና ከ15 እንግዳ በላይ አይፈቅድላቸውም፣ ቁርስም ዋጋው ውስጥ ነው። ሌሊት ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሠራተኛ የለም። ማዳም አትክልት ሊያጠጡ ወይም ልጅ ልጃቸውን ሊያመጡ ሊሄዱ ይችላሉ። ስለዚህ አብዛኞቹ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረሱልን ይላሉ (በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው የማወራው)። ከዘገያችሁ ደውሉ። ዝም ብሎ ማታ 3 ሰዓት ላይ በር ማንኳኳት አገር ቤትም ያስነውራል።

አንዱን አርብ ልንገራችሁ። ያደርነው ኮሎንዥ ላ ሩዥ የሚባል መንደር አጠገብ ነበር፣ ኮሬዝ በሚባለው አውራጃ ውስጥ። መንደሩ ከግድግዳው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ማማ በቀይ ድንጋይ የተሠራ ነው። «የፈረንሳይ ውብ መንደሮች» የሚባለው ማኅበር በፈረንጆች 1982 የተመሠረተውም በዚሁ መንደር ከንቲባ አነሳሽነት ነው። ጠዋት የቱሪስት አውቶቡሶች ሳይመጡ ዞረነው፣ 3 ሰዓት ላይ ተነሳን። ማታ የምንደርሰው ሳርላ የምትባለው ከተማ አካባቢ ነው። በቀጥታ ቢነዱት አጭር መንገድ ነው፤ እኛ ግን ሙሉ ቀን ሰጠነው።

የገጠር መንገድ ላይ የጂፒኤስን ሰዓት እንዳለ አትመኑት። ከመንደር ውጭ ባለ ሁለት አቅጣጫው መንገድ ላይ የፍጥነት ወሰኑ ከፈረንጆች 2018 ጀምሮ በመደበኛነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንዳንድ ቦታ ወደ 90 መልሰውታል፣ ምልክቱን ማየት ነው። የመንደሩ ስም በቀይ የተከበበ ሰሌዳ ላይ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ቁጥር ባይጻፍበትም 50 ገብታችኋል ማለት ነው። በስሙ ላይ ቀይ መስመር ሲሰመርበት መንደሩ አለቀ። ካሜራ አለ፣ ቅጣቱም የተከራያችሁት መኪና ቢሆን ተከትሎ ቤት ይመጣል።

ከሁሉ በላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው የቀኝ ቅድሚያ ነው። ነጭ ጠርዝ ያለው ቢጫ የዳይመንድ ቅርጽ ምልክት ካያችሁ ዋናው መንገድ ላይ ናችሁ፣ ቅድሚያው የእናንተ ነው። ዳይመንዱ ላይ ጥቁር መስመር ከተሰረዘበት ግን ተነጥቃችኋል። ከዚያ በኋላ ሌላ ምልክት ከሌለ ከቀኝ፣ ከጠባብ ቅያስ ብቅ የሚል አሮጌ መኪና ሁሉ ቅድሚያ አለው፤ ሰውየውም ይህን ስለሚያውቅ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያችሁ ይገባል። ማርቴል የምትባል ከተማ ከመድረሳችን በፊት አንዱ እንዲሁ አድርጎ ገባ። ባለቤቴ ቀድማ «ከቀኝ!» ስላለችኝ ቆምኩለት፤ እጁን አንስቶ አመሰገነኝ። ከዚያ ወዲህ ዳይመንድ መቁጠር የእሷ ሥራ ሆነ።

ሮካማዱር ላይ ረጅም ሰዓት ቆየን። ከተማው ገደሉ ላይ ተለጥፎ ነው ያለው፦ ታች ቤቶቹ፣ መሀል ቤተ መቅደሶቹ፣ ጫፉ ላይ ምሽጉ። ወደ ቤተ መቅደሶቹ የሚያወጣው ደረጃ 216 ነው፤ የጥንት ተሳላሚዎች በጉልበታቸው እየዳሁ ይወጡት ነበር። ላይ ትንሿ ጥቁር የእመቤታችን ቅርጽ አለች፣ ከእንጨት የተቀረጸች። ባለቤቴ ሻማ አብርታ ቁጭ አለች፣ እኔም አላጣደፍኳትም። የማታው ሰዓት አስቀድሞ ስለታወቀ ምን ያህል መቀመጥ እንደምንችል እናውቃለን።

ምሳ ከተማ ላይ ከፈለጋችሁ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ወጥ ቤቱ ይዘጋል፣ ብትለምኑም አይከፈትም። የመንደር ዳቦ ቤቶችም ብዙዎቹ ከቀትር በኋላ ይዘጋሉ። እኛ ጠዋት ዳቦ ገዝተን ነበር፤ በቲማቲምና በወይራ ከመኪና ማቆሚያው ዛፍ ሥር በላን። ዳቦ ቤት ስትገቡ ከማዘዛችሁ በፊት «ቦንዡር ማዳም» በሉ። ሰላም ሳይል የሚያዝ ሰው እዚያ እንደ ባለጌ ነው የሚታየው። ለሐበሻ ይህ ከባድ አይደለም።

ላ ሮክ ጋዣክ የምትባለውን መንደር በችኮላ አየናት፤ አንድ መስመር ቤት በገደሉና በዶርዶኝ ወንዝ መሀል። ሳርላ አጠገብ ያለው ቤት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን።

እራቱ ታብል ዶት ነው፤ ሁሉም እንግዳ አንድ ገበታ ላይ፣ ባለቤቶቹም አብረው፣ ምግቡም ለሁሉም አንድ ዓይነት። ቀድሞ ማዘዝ የግድ ነው። እኛ ደግሞ ጾም አለን፣ አገሩ የዳክዬ አገር ነው። ስለዚህ ክፍሉን ስንይዝ በኢሜይል ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ አይብ፣ ቅቤ፣ እንቁላል እያልን አንድ በአንድ ዘርዝረን ጽፈን ነበር። «ሥጋ አንበላም» ብቻ ካላችሁ አይብ ይከመርላችኋል። ማዳም ግን በር ላይ እንደተቀበሉን ለማረጋገጥ ጠየቁ።

«ዳክዬም አይሆንም?»

«ስቡም ጭምር» አለች ባለቤቴ።

ፊታቸው ላይ እውነተኛ ሐዘን አየሁ። ስቡን መጥቀሷ ትክክል ነበር፤ የሳርላ ድንች የሚባለው በነጭ ሽንኩርት የሚጠበሰው በዳክዬ ስብ ነው፣ ስታዩት ግን ድንች ብቻ ይመስላል። ለእኛ በዎልነት ዘይት የተለወሰ ምስር፣ የባሮ ሽንኩርት ሾርባና የተጠበሰ ቲማቲም ሠሩ። ዎልነቱ ከራሳቸው ዛፍ ነው። አብረውን ገበታ ላይ የነበሩ ቤልጅጋውያን ጥንዶች ዳክዬያቸውን እየበሉ ሁለት ጊዜ ከምስራችን ጨለፉ። ከገበታ ስንነሳ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነበር፣ ጾም ስለ ምንድነው የሚለውን ባለቤቴ በስልኳ እያስተረጎመች ስታስረዳ።

ሂሳብ ላይ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ካርድ የማይቀበል ቤት ብዙ ነው። በአንድ ሰው በአንድ ሌሊት የሚቆጠር የቱሪስት ግብርም ይጨመርበታል፣ ብዙ አይደለም።

በማግስቱ ቅዳሜ የሳርላ ገበያ ነው፤ ረቡዕና ቅዳሜ ይቆማል። የእሑድንም ምሳ እዚያው ገዛን፣ ምክንያቱም እሑድ ከሰዓት በኋላ ገጠር ውስጥ የተከፈተ ሱቅ ማግኘት ይከብዳል። ነዳጅም ሱፐርማርኬቱ ማደያ ሞላን። ከአውራ ጎዳናው ማደያ ይረክሳል፣ ሠራተኛ ባይኖርም በካርድ ይሠራል። ሲጀምር ከምትቀዱት በላይ የሆነ ገንዘብ ካርዳችሁ ላይ ይይዝና በኋላ ይለቀዋል፤ ሂሳባችሁ ጠበብ ያለ ከሆነ አስቡበት።