ጦር የያዙት ሰዎች

ትናንት ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የባትልስታር ጋላክቲካን የመጨረሻ ክፍል አየን፤ ሰው የፈጠራቸው ሳይሎን የሚባሉ ማሽኖች ፕላኔቶቻቸውን ካጠፉባቸው በኋላ በጠፈር መርከቦች የተረፉ ሰዎች ምድር የምትባል ፕላኔት የሚፈልጉበት ተከታታይ ፊልም ነው። እኔ ደግሜ ነው፣ እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ። እንዳለቀም ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ጠየቀኝ፤ «ካራስ? ካራ ምን ነበረች?»

ካራ፣ ስታርባክ የሚሏት ያቺ አብራሪ፣ በሦስተኛው ሲዝን ቫይፐር የሚባለው ተዋጊ መንኮራኩሯ አየር ላይ ፈንድቶ ሞተች። ሲዝኑ ሊያልቅ ሲል ግን ጭረት እንኳ በሌለበት አዲስ ቫይፐር ተመለሰች፤ ምድርን አይቻታለሁ አለች። ኋላ መጀመሪያ የደረሱባት ምድር ተቃጥላ ተገኘች፤ እዚያ በወደቀ ቫይፐር ውስጥ የገዛ አስከሬኗን አገኘች፤ እንጨት ሰብስባ በገዛ እጇ አቃጠለችው። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2009 በተላለፈው የመጨረሻ ክፍል ደግሞ ሜዳ ላይ ከአብራሪ ጓደኛዋ ከሊ ጋር ስታወራ ቆይታ፣ እሱ ዞር ሲል የለችም። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ አንድም ነገር አልተነገረንም።

በጊዜው ሲሰነዘሩ ከነበሩት ግምቶች ሁሉ በጣም የምወደው የዳንኤልን ነው። የሰው መልክ ያላቸው ሳይሎኖች ዓይነት ዓይነት ናቸው፣ እያንዳንዱ ዓይነት ብዙ ቅጂ አለው፤ ቁጥራቸው ከአንድ እስከ ስድስት ይሄድና ወደ ስምንት ይዘላል። ሻሮን ስምንተኛዋ ናት፤ ታዲያ ሰባተኛው የት ገባ? ጥንቁቅ ተመልካቾች ይህን ይዘው ሲጠይቁ ቆይተው መልሱ በ2009 መጣ፦ ሰባተኛው ዳንኤል የሚባል፣ የጥበብ ነፍስ ያለው ሳይሎን ነበር፤ አንደኛው ሳይሎን ካቪል ቀንቶበት ዘሩን አጠፋው። የካራ አባት ደግሞ በልጅነቷ ጥሏት የሄደ ፒያኖ ተጫዋች ነው። ሁለቱን ማገናኘት ብዙ አይከብድም፤ አባቷ ዳንኤል ከሆነ እሷም ግማሽ ሳይሎን ናት ማለት ነው። ፈጣሪው ሮናልድ ሙር ግን እንዲህ አላሰብንም አለ። እኔ ግምቱን አሁንም አከብረዋለሁ፤ ያዩትን ነገር በጥሞና ያዩ ሰዎች ናቸው የደረሱበት። ወንድሜ «መልአክ ናት» ብሎ ተኛ። ምስጢሯ ሳይፈታ መቅረቱ ትክክል ይመስለኛል፤ ሞታ የተመለሰችን ሰው በቁጥርና በማሽን ቢያስረዱን ኖሮ ታንስብን ነበር።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነው። መርከቦቹ የሚያርፉባት አዲሲቱ ምድር የእኛዋ ናት፤ ዘመኑ ከዛሬ 150 ሺህ ዓመት በፊት፣ ቦታው አፍሪካ። ከተረፉት 38 ሺህ ያህል ሰዎች ጥቂቶቹ ሣሩ ውስጥ ተደብቀው፣ ጦር ይዘው የሚሄዱ የአገሩን ሰዎች በሩቅ ማያ መነጽር ያያሉ። ገና መናገር የማይችሉ ናቸው ይባላል። ዘራቸው ከእኛ ጋር ይስማማል፣ እናስተምራቸዋለን ይባላል። ከዚያ ታሪኩ ይተዋቸዋል። ስማቸውን፣ ፊታቸውን፣ ከሰማይ ለወረዱት ሰዎች ምን እንደተሰማቸው ማንም አይጠይቅም። ተመልካቹም ስለ እነሱ ሲከራከር አልሰማሁም።

እኔ ግን አውቃቸዋለሁ ልበል? በአፋር፣ መካከለኛው አዋሽ ውስጥ ሄርቶ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1997 የተገኙት የራስ ቅሎች ዕድሜያቸው ከ154 ሺህ እስከ 160 ሺህ ዓመት ነው። ብርሃነ አስፋውና ቲም ኋይት ያሉበት ቡድን ግኝቱን ለዓለም ያሳወቀው በ2003 ሲሆን፣ አዲሱ ጋላክቲካ ራሱ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ አጥንታቸው የተገኘው የኦሞ ኪቢሽ ሰዎች ደግሞ ከእነሱም ይቀድማሉ። ከሄርቶ ቅሎች አንዱ የሕፃን ነው። ከሞተ በኋላ ሥጋው በድንጋይ ስለት ተለይቶ፣ አጥንቱ በተደጋጋሚ ከመያዝ ብዛት የለሰለሰ ይመስላል። የልጅ ራስ ቅል ይዞ የሚቆይ ማኅበረሰብ፣ ስለዚያ ልጅ የሚለው ነገር አልነበረውም? ይህን መቀበል አልችልም።

የተከታታዩ የመጨረሻ ትዕይንት 150 ሺህ ዓመት ዘልሎ ኒውዮርክ ውስጥ ነው። በታንዛኒያ የሚቶኮንድሪያ ሔዋን፣ ማለትም የሁላችንም የእናት መስመር የሚደርስባት ሴት፣ አጽም ተገኘ የሚል ዜና በመጽሔት ሲነበብ እናያለን፤ አንባቢው ራሱ ሮናልድ ሙር ነው። ሔዋን የተባለችው ሔራ ናት፣ የሰውየው የሄሎና ከሻሮኖቹ አንዷ የሆነችው የሳይሎኗ የአቴና ልጅ። እዚህ ላይ ደራሲዎቹ ከአሰቡትም በላይ የሄዱ ይመስለኛል። ሚቶኮንድሪያ፣ ለሕዋሳችን ኃይል የሚያመነጨው ክፍል፣ ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው፤ የሔራ እናት ደግሞ ስምንተኛዋ ሳይሎን ናት። ስለዚህ በታሪኩ ሕግ ከሄድን በእያንዳንዳችን ሕዋስ ውስጥ ያለው ሚቶኮንድሪያ የሳይሎን ነው። ሰውና ማሽን ለአራት ሲዝን ሲጨራረሱ ኖረው፣ የእናትነቱ መስመር ለማሽኗ ቀረ!

ግን ይኸው ሳይንስ ጦር የያዙትንም ይመልሳቸዋል። ሚቶኮንድሪያ ሔዋን በዘመኗ ብቸኛዋ ሴት አይደለችም። ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚወርደው መስመሯ ሳይቋረጥ እኛ ድረስ የደረሰላት እሷ ናት እንጂ፣ የሌሎች ብዙ ሴቶችም ዘር በወንድ ልጆቻቸውና በሌላ በሌላ መንገድ ውስጣችን አለ። ስለዚህ እነዚያ ከሩቅ በመነጽር የታዩት ሴቶችም አያቶቻችን ናቸው፤ ምናልባትም ከጠፉት ፕላኔቶች፣ ከካፕሪካና ከፒኮን፣ ከመጡት ይልቅ በብዛት።

የእኔ ግምት እንግዲህ ይኼ ነው። ሠላሳ ስምንት ሺህ ሰው መርከቦቹን ወደ ፀሐይ ልኮ፣ መድኃኒቱንና መሣሪያውን ትቶ፣ በየአህጉሩ ተበተነ። የትኛው ሥር እንደሚበላና የትኛው እንደሚገድል፣ በበጋ ውኃው የት እንደሚገኝ የሚያውቅ አንድም ሰው በመካከላቸው የለም። አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቃል። የሚተርፉት ጦር የያዙት ያስጠጓቸው ብቻ ናቸው። ሊ «የራሳችንን መልካም ነገር እንሰጣቸዋለን» ብሎ ያሰበው ነገር ተገልብጦ፣ ሰጪዎቹ እነሱ ይሆናሉ።

ሔራም ከመርከብ ስትወርድ ገና ሕፃን ናት። ጋላክቲካን ብዙም አታስታውስም። አብረዋት የሚጫወቱት የእነዚያ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ አድጋ ስታገባም ባሏ ከእነሱ ወገን ይመስለኛል፤ ለሴት ልጆቿ የምታወራውም በእነሱ ቋንቋ ነው። ወንድሜ ይህን በጠዋት ስነግረው «አንቺ ደግሞ ካራን ትተሽ የማይታዩ ሰዎች ትፈልጊያለሽ» አለኝ። አዎ፣ እፈልጋለሁ። ከዚያች ቀን የሚቀጥል ታሪክ የሚሠራ ሰው ቢኖር ካሜራውን ከሣሩ ወዲያ ማዶ አድርጎ፣ ከእነሱ ወገን እንዲጀምርልኝ ነው የምመኘው።