ዳማከሴ የምች ነው

ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ሳንባ እስላለሁ፣ የአየር ከረጢቶቹን እንደ ወይን ዘለላ አንጠለጥላለሁ። ደወል ሲደወል ከአጥሩ ጀርባ ካለችው ሱቅ ሄጄ አንድ ፍሬ ሲጋራ እለኩሳለሁ። 16 ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ከፊት የሚቀመጡት ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ሲሳሳቁ አያለሁ፤ እንዳላየ ሆኜ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ።

ያጋለጠኝ ታቦር ተራራ ነው። ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር ስንወጣ መንገድ አጋማሽ ላይ ትንፋሼ አጠረ። እንዳይነቃብኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና ሐይቁን እያሳየሁ ስለ ስምጥ ሸለቆ ማስረዳት ጀመርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አርፌ ጨረስኩት። "ቲቸር፣ ውሃ ላምጣልዎት?" አለችኝ አንዷ።

ማቆም ግን አልታሰበኝም። የታሰበኝ መድኃኒት ነው። እናቴ ጥቁር አዝሙድ ወቅጣ ከነጭ ሽንኩርትና ከማር ጋር ለወሰችልኝ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ማንኪያ። ማታ ባህር ዛፍ አፍልቼ ፎጣ ተከናንቤ እታጠናለሁ። ደረቴ ቀለል ያለኝ መሰለኝ። ቀለል ሲለኝ ደግሞ በቀን 8 የነበረው ሲጋራ 12 ገባ። የቆጠረችው ባለቤቴ ናት። "ማሩ በጎደለ ቁጥር ሲጋራው ይጨምራል እኮ፣ አልታወቀህም?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ማንኪያዋን የፈቃድ ወረቀት አድርጌያት ነበር።

ያም አልበቃኝም፣ ዳማከሴ ልጨምር ብዬ ገበያ ወጣሁ። ቅጠል የሚሸጡት እናት ለምን እንደፈለግኩት ጠየቁኝ። ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

"ዳማከሴ የምች ነው" አሉ። "የሲጋራ ምች አለ እንዴ?"

አልሸጡልኝም። ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ግን "ሳንባ ያጥባል" ብሎ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ጠርሙስ አስታቀፈኝ። (ሳንባ ሸሚዝ ነው እንዴ የሚታጠበው? ይህን የጠየቅኩት ግን ብሩን ከከፈልኩ በኋላ ነው።)

የሴትየዋ ነገር ከነከነኝና ማታ ማታ ጥናት ማንበብ ያዝኩ። ዕፅዋቱ ባዶ አይደሉም። ለምሳሌ ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ታይሞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በቤተ ሙከራ ብግነትን (የአካል መቆጣትን) ሲቀንስ ታይቷል። የሲጋራ ጭስ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ይከማቻሉ። እነሱ የሚለቁት ኢንዛይም የአየር ከረጢቶቹ እንደ ላስቲክ ተለጥጠው እንዲመለሱ የሚያደርጋቸውን ነገር ይበላዋል። የላላ ላስቲክ ደግሞ አይመለስም። የዕፅዋት ሙከራዎቹ በአብዛኛው እንዲህ ናቸው፦ አይጦች ሳጥን ውስጥ ተደርገው ለሳምንታት በሲጋራ ጭስ ይታጠናሉ፣ ግማሾቹ የዕፅዋቱ ንጥር ይሰጣቸዋል። ከዚያ ሳንባቸው ይመረመራል። ንጥሩን ያገኙት ብዙ ጊዜ ካላገኙት ይሻላሉ።

እዚህ ላይ ስደርስ ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። አይጧ ከሳጥኑ መውጣት አትችልም። እኔን ማን ያዘኝ? ደግሞ ንጥሩ በሚሊግራም ተመዝኖ ነው የሚሰጣት፣ በእናቴ ማንኪያ አይደለም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን በሰው ላይ የተደረገው ነው። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ ቤታ ካሮቲን ተሞከረ፤ ያው ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ማለት ነው። ከፊሎቹ ለዓመታት በክኒን ወሰዱት። በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ አጫሾችን ያካተተ ተመሳሳይ ሙከራም ጉዳቱ ሲታይ በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ካሮት ብሉ ማለቴን አልተውኩም፣ ምግብ ነው። ግን "ከተፈጥሮ የተገኘ ነው፣ ምን ይጎዳል" የምትለዋን አባባል ከዚያ ወዲህ ከአፌ አላወጣኋትም።

ካቆምኩ አምስተኛ ወሬ ነው። እንዴት እንዳቆምኩ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፣ ሁለቴ ወድቄ ነው የተነሳሁት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ባሰብኝ። ባለቤቴ ስትደነግጥ እኔ ሰሌዳ ላይ የምስለውን ነገር አስረዳኋት፦ የአየር ቧንቧ ውስጥ ቆሻሻ የሚጠርጉ ፀጉር መሰል ሲሊያዎች አሉ። ጭስ ያደነዝዛቸዋል። ሲጋራው ሲቀር ይነቃሉ፣ የተጠራቀመውን አክታ መጥረግ ይጀምራሉ። "ታዲያ ቀስ ብለው አይጠርጉም?" አለች።

ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ጦስኝ በማር እጠጣለሁ። ሳንባ ያድሳል ብዬ አይደለም፣ ይጥመኛል። ባለፈው ሳምንት ልገዛ ከእኚያው እናት ዘንድ ሄድኩ። ጣሳቸውን አስቀምጠው "እስቲ ጠጋ በል" አሉኝ። የጃኬቴን እጅጌ ሳብ አድርገው አሸተቱና ጦስኙን ሰፈሩልኝ።