እስክሪብቶዬ ያበላሸው ሴሚናር

ክላሲክ መጻሕፍትን በውይይት ላስተምር ስነሳ፣ የትኛው መጽሐፍ ይሻላል በሚለው ላይ ምክር ያልሰጠኝ ሰው የለም። ስለ ነጥብ አሰጣጥ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ዝግጅቱ ብዙም አላስቸገረኝም። አሥራ አራት ተማሪ፣ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ፣ ሁሉም እጅ ላይ አንድ ዓይነት ትርጉም። (በዚህ አትደራደሩ። የገጹ ቁጥር ካልገጠመ ግማሹ ሰዓት "የት ጋ ነው?" ሲባባሉ ያልቃል።) መንገዱም አዲስ አይደለም። አሜሪካ ያለው ሴንት ጆንስ ኮሌጅ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርቱን በሙሉ በዚህ መልክ ነው የሚሰጠው፤ አስተማሪዎቹ እንኳን ፕሮፌሰር ሳይሆን ቲውተር ነው የሚባሉት።

በፕላቶ "ሜኖን" ጀመርኩ፤ ሶቅራጥስ ሜኖን ከሚባል ወጣት ጋር የሚያደርገው ምልልስ ነው። አጭር ነው፣ በአንድ ምሽት ይነበባል። ሜኖን ያለ ምንም ሰላምታ ሶቅራጥስን "በጎነት በትምህርት ይገኛል ወይ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ከዚህ የተሻለ መክፈቻ አላውቅም።

ችግሩ የመጣው ከተሳትፎ ነጥብ ነው። ከአስተዳደር ቢሮው ሠላሳ ከመቶ ይሁን፣ "የሚለካ" ይሁን ተባልኩ። ውይይትን እንዴት እንደሚለኩት ብጠይቅ ደግመው "የሚለካ" አሉኝ። እኔም የስም ዝርዝር አትሜ፣ ሰው በተናገረ ቁጥር ቲክ ማድረግ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ሞቅ አለ። ኮራሁ። በሦስተኛው ቀን መጽሐፍ ሳይገለጥ እጅ ይወጣል። "እኔም የእሱን ሐሳብ እደግፋለሁ" አንድ ቲክ ሆነ። አንዱማ ተናግሮ ሲጨርስ የሚያየው እስክሪብቶዬን ነበር።

ያን ቀን የደረስንበት፣ ሶቅራጥስ አንድ ባሪያ ልጅን መሬት ላይ በተሣለ ካሬ የሚጠይቅበት ቦታ ነበር። የካሬው ጎን ሁለት ጫማ፣ ስፋቱ አራት ካሬ ጫማ ነው። ስፋቱ እጥፍ እንዲሆን ጎኑ ስንት ይሁን? ልጁ አራት ይላል፤ ስፋቱ አሥራ ስድስት ይሆንበታል። ሦስት ይላል፤ ዘጠኝ ይመጣል። በመጨረሻ አላውቅም ይላል። አንዱ ተማሪዬ ቀበል አድርጎ "መልሱ ዲያጎናሉ ነው!" አለ (ከማዕዘን ማዕዘን የሚሻገረው መስመር)። ቲክ። አለፍነው።

ከክፍል ስወጣ አንዲት ተማሪ ተከተለችኝ። በሁለት ሳምንት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መጽሐፏ ዳርና ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል። "መምህር፣ ልጁ አላውቅም ሲል ሶቅራጥስ ለምን ወደ ሜኖን ዞሮ ነው የሚያወራው?"

ደነገጥኩ። ከጥቂት ገጽ በፊት ሜኖን ራሱ፣ አንተ እንደሚያደነዝዝ ዓሣ ነህ፣ አፌንም ነፍሴንም አደነዘዝከኝ ብሎ ያማርራል። ሶቅራጥስ ልጁን አሳይቶ ማደንዘዜ ጎዳው ወይስ ጠቀመው እያለው ነው። ለሜኖን በልጁ በኩል እየመለሰለት ነው። የዕለቱ ትልቁ ጥያቄ ኮሪደር ላይ ቀረ። ወረቀቴ ላይ ደግሞ ልጅቷ ዜሮ ነች።

ቢሮውን ለወራት አማሁት። ኋላ ሳስበው ግን ቲክ አድርግ ያለኝ የለም። ብልሃቱ የራሴ ነው።

አሁን ስም ዝርዝሩን ትቼዋለሁ። እያንዳንዱ ከመምጣቱ በፊት አንድ አንቀጽ በእጁ ገልብጦ፣ ከሥሩ መልሱን ከልቡ የማያውቀውን አንድ ጥያቄ ይጽፋል። የምለካው ያንን ነው። ውይይቱንም ከእነዚያ ጥያቄዎች በአንዱ እከፍታለሁ። ዝም ካሉ እኔም ዝም እላለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ያልቻለ አስተማሪ ሌክቸሩን ይስጥ። ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ "የሚጠበቅ ውጤት" ጻፍ የሚለውን መመሪያ ለፎርሙ ያህል እሞላዋለሁ። "ፕላቶ ማን ነው" የሚል ስላይድም አላሳይም። እንደዚያ ካደረጋችሁ ተማሪው ማስታወሻ መያዝ ይጀምራል፣ መጽሐፉም ይዘጋል።

የልጅቷን ነጥብ ላስተካክል ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። "ማስረጃ አምጣ" አሉኝ። ያለኝ ማስረጃ ያ ወረቀት ብቻ ነው፤ ከስሟ ትይዩ ባዶ።