ዘጌ ተቀምጦ ባሕር ዳር የዋለ ስልክ

ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ የያዝኩት ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር፦ የጣና ዳርቻ ሰው ወደ ባሕር ዳር የሚመላለሰው ስንት ጊዜ ነው? የጀልባ መርሐ ግብርም ሆነ የመንገድ ዕቅድ የሚነሣው ከዚህ ቁጥር ነው። ቤት ለቤት ዞሮ መጠየቅ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ስልክ ግን ሌት ተቀን ይመዘግባልና እሱን ብከተል ይበቃኛል ብዬ ተነሣሁ።

ያገኘሁት ዳታ ስም የሌለበት፣ ስልክ ቁጥሩም በምስጢር መለያ የተተካ የጥሪ መዝገብ ነው። አንዱ መስመር የሚይዘው መለያውን፣ ሰዓቱንና ጥሪውን ያስተናገደውን ታወር ነው። ሰውየው የት እንደቆመ አይናገርም፤ ስልኩ ከየትኛው ታወር ጋር እንደተገናኘ ብቻ ይናገራል። ይህን ክፍል ውስጥ ተምሬው ነበር። የገባኝ ግን ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት የጣና ባሕረ ገብ መሬት፣ ዘጌ ሄጄ ነው።

የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ሳወጣ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ያለው ጉዞ ከጠበቅሁት እጅግ በዛ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሳይቀር ሐይቁን የሚሻገር ሰው አለ። በሞተር ጀልባ ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን መንገድ በሁለት ደቂቃ ሄዶ በሦስተኛው የሚመለስም አለ። ኮዴን ሦስት ጊዜ መረመርኩት፤ ስሕተት የለበትም። ስለዚህ በጠዋት ጀልባ ተሳፈርኩ።

ስልኬ ላይ የታወሩን መለያ ቁጥር የሚያሳይ መተግበሪያ ጭኜ ነበር። ዘጌ ወርጄ ውኃው አፋፍ ላይ ቆሜ ስመለከት ስልኬ የያዘው የባሕር ዳሩን ታወር ነው። ወደ ቡናው ጥላ ሽቅብ ወጣሁ፤ ቁጥሩ ወደ አካባቢው ታወር ተቀየረ። ተመልሼ ወረድኩ፤ እንደገና ባሕር ዳር። ይህ ሁሉ የሆነው መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ነው። ጣና ላይ ሞገዱን የሚያግድ ኮረብታ የለም፣ ዛፍ የለም፣ ፎቅ የለም። የጂኤስኤም (የሁለተኛው ትውልድ ሞባይል) ታወር እስከ 35 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከባሕር ዳር ዘጌ ደግሞ በውኃ በኩል ቅርብ ነው። መብራት ጠፍቶ የአካባቢው ታወር ሲዘጋማ መንደሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ከተማ የገባ ይመስላል።

እዚያው ደጃፋቸው ላይ ቡና የሚያሰጡ አንድ አባት ነበሩ። «አባ፣ ባሕር ዳር ቶሎ ቶሎ ይሄዳሉ?» አልኳቸው። «ከፋሲካ ወዲህ አልወጣሁም ልጄ። ልጄ እዚያ ስላለች በስልክ እንገናኛለን» አሉኝ። የሚደውሉት የት ሆነው እንደሆነ ስጠይቃቸው በእጃቸው ወደ ውኃው ዳር አመለከቱኝ፤ ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል። እሳቸው ከልጃቸው ጋር ባወሩ ቁጥር እኔ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ጉዞ ይጨመር ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌላውንም ቦታ በጥርጣሬ አየሁት። አባይ ማዶ ያለ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ስልኩ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ባሉ ታወሮች መካከል ሲዋልል እኔ ድልድይ ተሻገረ ብዬ እቆጥረዋለሁ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ምን ያህል ሰው እንደሚያሻግር በዚህ መንገድ ብናገር ውሸት እናገር ነበር። ማጣሪያ ሠራሁ፦ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሄዶ የተመለሰን ምልክት ጣልኩ፣ በውኃ ላይ ከጀልባ ፍጥነት የሚበልጠውን ጣልኩ፣ የሚዋልሉትን ታወሮች እንደ አንድ ቦታ ቆጠርኩ። ይህም ዋጋ አለው። በባጃጅ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ እውነተኛ ጉዞ አብሮ ይጠፋል። ባንድ ታወር ክልል ውስጥ በእግሩ ትምህርት ቤት ደርሶ የሚመጣ ልጅ ከመጀመሪያውም አይታይም።

በጣም የቆጨኝ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። የሰው መኖሪያ የሚገመተው ሌሊት ስልኩ አዘውትሮ ከሚገኝበት ታወር ነው። እኔም ሌሊት ያልኩት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለውን ነበር። መዝገቡ ግን በግሪንዊች ሰዓት የተያዘ ነው፤ እኛ ደግሞ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ የኔ ሌሊት ከምሽቱ 4 ተጀምሮ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያልቅ ነበር። ከምሽቱ 4 በኋላ የሚደውል ጥቂት ነው፣ ጠዋት ግን ሁሉም ይደውላል። እናም ብዙ ሰው «የሚኖረው» ገበያው መሐል ሆነ። የእኛና የፈረንጁ አቆጣጠር በስድስት ሰዓት ስለሚለያይ ሰው በቃሉ የነገረኝን ሰዓት ከመዝገቡ ጋር ሳስተያይም ተመሳሳይ ስሕተት ሠርቻለሁ። ሁለት ወር የደከምኩበትን ከሥሩ ደገምኩት። አሁን ዳታ ስቀበል መጀመሪያ የምጠይቀው በየት አገር ሰዓት እንደተያዘ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደብተር ይዤ ባሕር ዳር የጀልባው መውረጃ ላይ ቆምኩ። ጌሾና ሎሚ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ብዙ ናቸው። ስልክ እንደያዙ ስጠይቅ የሚበዙት የቤቱ ስልክ ባል ጋር ወይም ልጅ ጋር ነው አሉኝ። አንዷ እናት ስልካቸውን ቻርጅ ሊደረግ ሱቅ ጥለውት መጥተዋል፤ ስልኩ ዘጌ፣ እሳቸው ባሕር ዳር። «ምን ትጽፋለህ ልጄ?» አሉኝ። «ስንት ሰው እንደተሻገረ እየቆጠርኩ ነው እማማ» ስላቸው ሸክማቸውን እያስተካከሉ «እንግዲያ እኔንም አትርሳ» ብለውኝ ሄዱ። ለጀልባው መርሐ ግብር ከማንም በላይ የሚያስፈልገው የእሳቸው ጉዞ ነበር፤ በኔ ፋይል ውስጥ ግን አልነበሩም።

ስልክ የያዘውም ቢሆን ሁሌ አይታይም። ሚስኮል አድርጎ የሚጠብቅ ሰው፣ ጥሪው ክፍያ የሌለበት ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ ላይ አይገባም። ወር በገባ በ16 ዘጌ ያለውን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚሳለም ምእመን በቅዳሴ ሰዓት ስልክ አያነሣም። ያ ቀን አንዴ ማክሰኞ፣ አንዴ ዓርብ ስለሚውል በሳምንት ቀናት አማካይ ስሠራ የበዓሉ ጉዞ ጭራሽ ሟሟ። የበዓላቱን ቀን በእኛ ካሌንደር ለብቻ አውጥቼ ስሠራ ነው ብቅ ያለው።

ዳታው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በኬንያ በ2008 እና 2009 እ.ኤ.አ. ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞችን መዝገብ የተጠቀሙ ተመራማሪዎች፣ ስልክ ያለውና የሌለው ሰው ብዙ ቢለያይም በክልሎች መካከል ያለው የጉዞ ግምት እንዳሰቡት አለመዛባቱን አሳይተዋል። ለሰፊ ክልል እቀበለዋለሁ። ለአንድ ወደብና ለአንድ መንደር ግን አልደፍርም። የስልኮቹን ብዛት ወደ ሕዝብ ብዛት ለመቀየር የምደገፍበት ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሁለት ሲም የሚይዝ ሰው በዝቷል፤ አንዱን ኦፕሬተር ብቻ የሚያይ ሰው የሰውየውን ግማሽ ቀን ነው የሚያየው።

ስም መሰረዙም አያስተማምንም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በ1.5 ሚሊዮን ሰዎች መዝገብ ውስጥ አራት የቦታና የሰዓት ነጥብ 95 በመቶውን ሰው ለይቶ ለማወቅ እንደሚበቃ አሳይቷል። በደሴት መንደር ከዚያም ያነሰ ይበቃ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ሰው ብቻ ያለበትን መስመር ሁሉ ከሠንጠረዡ አወጣሁ፤ ብዙ የደሴት መንደር አብሮ ወጣ፣ ይህም ሌላ ጉድለት ነው።

በመጨረሻው ሠንጠረዥ ዘጌ ላይ አንድ ቁጥር አልጻፍኩም። ማጣሪያው ሲጠብቅና ሲላላ የሚወጣውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ከጎኑ «ስልክ ሳይዙ የተሻገሩ» የሚል ዓምድ ጨምሬ ቅዳሜን ከደብተሬ ሞላሁት። የሌሎቹን ቀናት ባዶ ተውኩት፤ በእነዚያ ቀናት ወደቡ ላይ አልቆምኩም ነበርና።