ከቤተሰብ ጉዞ በፊት በጋብቻ በኩል የአሜሪካ ዜግነትና ፓስፖርት ያወጣሁበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ ይዞ የሚኖርና የአሜሪካ ዜጋ ያገባ ሰው ዜግነት ለማመልከት አምስት ዓመት መጠበቅ የለበትም፤ ሦስት ዓመት ይበቃዋል። እኔ ያመለከትኩት በዚህ መንገድ ነው። ዓላማዬም ልጆቹን ይዘን አዲስ አበባ ከመሄዳችን በፊት ፓስፖርቱ እጄ እንዲገባ ነበር። ተመሳሳይ ሐሳብ ላላችሁ ከሁሉ አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለ። ወይ በግሪን ካርድና በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሄዳችሁ ተመለሱ፣ ወይም የአሜሪካው ፓስፖርት እጃችሁ እስኪገባ ጠብቁ። አደጋው ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ቃለ መሐላ በምትፈጽሙበት ዕለት ግሪን ካርዱን ይረከቧችኋል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፓስፖርት እስኪመጣ ድረስ ከአገር ወጥታችሁ የምትመለሱበት ሰነድ የላችሁም። የዜግነት የምስክር ወረቀቱ የጉዞ ሰነድ አይደለም፤ አየር መንገድ በእሱ አያሳፍራችሁም።

ማመልከቻው በሂደት ላይ እያለ መጓዝ ግን ይቻላል። ግሪን ካርዱ እስካልተወሰደ ድረስ ሄዶ መመለስ የሚከለክል ነገር የለም፤ የአሻራና የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ እንዳያመልጣችሁ ብቻ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ። ስለዚህ ጉዞው ሁለት ወር ከቀረው፣ ማመልከቻውም ገና ከሆነ፣ ፓስፖርቱን ለማድረስ አትሩጡ። በያዛችሁት ሰነድ ሂዱና ስትመለሱ መሐላችሁን ፈጽሙ።

ወደ ሕጉ ልግባ። ሦስቱ ዓመት በሦስት በኩል ይቆጠራል። ግሪን ካርድ ከያዛችሁ ሦስት ዓመት፣ ከዚሁ የትዳር ጓደኛ ጋር ተጋብታችሁ አብራችሁ ከኖራችሁ ሦስት ዓመት፣ የትዳር ጓደኛችሁ ዜጋ ከሆነም ሦስት ዓመት። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በመጨረሻው ነው። ለምሳሌ ባል በዲቪ መጥቶ ዜግነት ካገኘ ገና ሁለት ዓመቱ ከሆነ፣ ሚስት ግሪን ካርድ ከያዘች አራት ዓመት ቢሞላትም በጋብቻ በኩል ማመልከት አትችልም። አንድ ዓመት ስትጠብቅ ደግሞ የአምስት ዓመቱ መንገድም ይከፈትላታል፤ ያን ጊዜ በአምስት ዓመቱ ብታመለክት ይሻላታል፤ ትዳሯን በማስረጃ ማሳየት አይጠበቅባትምና። በሌላ በኩል ግሪን ካርዱ ራሱ በዚህ ጋብቻ የተገኘ መሆን የለበትም። በዲቪ ወይም በጥገኝነት የመጣ ሰውም ሦስቱን ነገር ካሟላ በዚህ መንገድ ማመልከት ይችላል።

ሦስት ዓመቱ ከሚሞላበት ቀን 90 ቀን ቀድሞ ማመልከት እንደሚቻል ብዙ ሰው ያውቃል። የማይነገረው፣ ይህ 90 ቀን የሚሠራው ለግሪን ካርዱ ቆጠራ ብቻ መሆኑ ነው። የጋብቻው ሦስት ዓመትና የትዳር ጓደኛው የዜግነት ሦስት ዓመት ማመልከቻው በገባበት ቀን የሞሉ መሆን አለባቸው። ካርዳችሁ ላይ ነዋሪ የሆናችሁበት ቀን ተጽፏል፤ ቆጠራውን ከእሱ ጀምሩ። የሁለት ዓመቱ ጊዜያዊ ካርድ ዘመንም ይቆጠራል። ጫፉ ላይ ካላችሁ ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን አሳልፋችሁ ላኩት። አንድ ቀን የቀደመ ማመልከቻ ውድቅ ሊሆን ይችላል፣ የተከፈለውም ገንዘብ አይመለስም።

ፎርሙ ኤን-400 ይባላል። በኢንተርኔት ሲሞላ 710 ዶላር፣ በወረቀት ሲላክ 760 ዶላር ነው፤ የአሻራው ክፍያ በውስጡ አለ። የቤተሰብ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች በ380 ዶላር የሚያመለክቱበት፣ ከክፍያው ጭራሽ ነፃ የሚሆኑበትም መንገድ አለ። እኔ በኢንተርኔት እንድትሞሉት እመክራለሁ፤ ቀጠሮውም የተጓደለ ሰነድ ጥያቄውም እዚያው አካውንት ላይ ስለሚታይ የፖስታ መጥፋት አያሳስባችሁም። አድራሻ ከቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ አሳውቁ።

ከሦስቱ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 18 ወር አሜሪካ ውስጥ በአካል መገኘት ያስፈልጋል። አንድ ጉዞ ብቻውን ከስድስት ወር ካለፈ የነዋሪነታችሁ ቀጣይነት ጥያቄ ውስጥ ይገባል፤ ዓመት ከሞላ ቆጠራው ይቋረጣል። እናት ለማስታመም አገር ቤት ቆይቶ የተመለሰ ሰው ይህን ቀድሞ ማስላት አለበት። ከማመልከታችሁ በፊት በምትኖሩበት ስቴት ሦስት ወር መቀመጥም ግዴታ ነው፤ ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ገና የተዛወረ ሰው ይጠብቅ። የጉዞ ቀኖቹን ከፓስፖርት ማኅተምና ከአሮጌ ቲኬት ኢሜይሎች ሰብስቡ፣ በግምት አትሙሉ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ትዳሩ ማስረጃ። በዚህ መንገድ የምናመለክተውን ከሌላው አመልካች የሚለየን ይህ ነው። የሚፈለገው አብሮ መኖር እንጂ ተጋብቶ መገኘት ብቻ አይደለም። ሁሉንም የሚያስከነዳው የሦስት ዓመት የግብር ትራንስክሪፕት፣ ማለትም ያስገባችሁት የግብር መግለጫ ማጠቃለያ፣ ነው፤ ባልና ሚስት አብረው ያስገቡት ከሆነ በጣም ይረዳል። ከግብር መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ ድረ ገጽ በነፃ ይወጣል። ከዚያ የሁለታችሁ ስም ያለበት የቤት ኪራይ ውል ወይም የቤት ብድር ወረቀት፣ የጋራ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ የጤናና የመኪና ኢንሹራንስ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት። የባንክ መግለጫው ከየዓመቱ ጥቂት ወራት ቢሆን ይሻላል፤ ማመልከቻው ሊገባ ሲል የተከፈተ ሂሳብ ክብደት የለውም። የትዳር ጓደኛችሁን የዜግነት ማስረጃ አትርሱ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ቀድሞ አግብታችሁ ከነበረ የእያንዳንዱ ፍቺ ወረቀት ይጠየቃል፤ በሽማግሌ የተለያየ ሰው የፍርድ ቤት ውሳኔውን ከአገር ቤት ለማስወጣት ወራት ሊፈጅበት ስለሚችል ይህን ከሁሉ በፊት ይጀምር።

የስማችን ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፣ ልጅ ደግሞ በአባቱ ስም ይጠራል። ስለዚህ አሜሪካኖቹ የቤተሰብ ስም በሚሉት ቦታ ላይ አባት፣ እናትና ልጆች ሦስት የተለያየ ስም ይዘው ይቀርባሉ። ጠያቂው መኮንን ቢጠይቅ አትደንግጡ፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ አስረዱት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንም አሳዩት። ከኢትዮጵያ የመጣ የጋብቻ ወይም የልደት ወረቀት ላይ የተጻፈው ቀን በእኛ አቆጣጠር ከሆነ፣ ትርጉሙ ላይ በትክክል ወደ እነሱ መለወጡን ራሳችሁ አስሉ። የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት መስከረም ላይ ስለሚቀያየር ስህተት የሚፈጠረው እዚያ ነው። ትርጉሙን የሠራው ሰው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚያውቅና ትርጉሙ ትክክል እንደሆነ ፈርሞ ማረጋገጥ አለበት፤ ይህ ከሌለ ትርጉሙ አይቀበልም።

ሁለት ዓመት የሚያገለግለውን ጊዜያዊ ግሪን ካርድ ይዛችሁ፣ ወደ ቋሚው ለመቀየር የሚሞላውን አይ-751 ፎርም አስገብታችሁ መልስ ከዘገየባችሁ፣ እሱን ሳትጠብቁ ኤን-400 ማስገባት ትችላላችሁ። ዜግነቱ የሚጸድቀው ግን ያኛው ሲያልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱን በአንድ ቃለ መጠይቅ ያዩታል። ቀጠሮው ላይ ባለቤታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ያለዚያ ለኤን-400 ብቻ ከሆነ የትዳር ጓደኛ መቅረብ ግዴታ አይደለም።

ፎርሙ ላይ ካሉት ጥያቄዎች ጥቂቶቹ ሰው ያስቸግራሉ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ለመራጭነት ልመዝግባችሁ ወይ ተብላችሁ እሺ ካላችሁ፣ ማመልከቻውን ከማስገባታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብና መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም። ከ18 እስከ 26 ዓመት ባለው ዕድሜ አሜሪካ የኖረ ወንድ የሰለክቲቭ ሰርቪስ (ለውትድርና ጥሪ የሚደረገውን) ምዝገባውን ማሳየት አለበት። የኮሚኒስት ፓርቲ አባልነትም ይጠየቃል፤ በደርግ ዘመን የኢሠፓ አባል የነበሩ አባቶችና እናቶች ይህን ማለፍ የለባቸውም። ከ10 ዓመት በፊት ያበቃ አባልነት ዜግነት አይከለክልም። መደበቁ ነው የሚከለክለው።

ፈተናውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያመለከተ ሰው ከ128 ጥያቄዎች ውስጥ እስከ 20 ይጠየቃል፤ 12 መመለስ አለበት። ከዚያ በፊት ያመለከተ በቀድሞው፣ ከ100 ጥያቄ 10 ተጠይቆ 6 በሚመልስበት ፈተና ይስተናገዳል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ቀርቦላችሁ አንዱን በትክክል ማንበብ፣ አንዱን ደግሞ መጻፍ ይበቃል። ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ላይ ብዙም አይደለም፤ የራሱን ፎርም ሲጠየቅ ነው። መኮንኑ የፎርሙን ቃላት አንሥቶ ትርጉማቸውን ሊጠይቅ ይችላል፤ ለምሳሌ መሐላ ምንድን ነው፣ ማጭበርበር ምንድን ነው ብሎ። የሞላችሁትን ፎርም አትማችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ደጋግሙት። የመጀመሪያው ፈተና ካልተሳካ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ሌላ ዕድል ይሰጣል፤ ጉዞ ያቀደ ሰው ይህንንም ቢሆን ማሰብ አለበት።

ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ስም መቀየር ትፈልጋላችሁ ወይ ይባላል። ብዙ እናቶች ከልጆቻቸው ስም ጋር ለመመሳሰል የባለቤታቸውን ስም መውሰድ ይፈልጋሉ። መብት ነው፣ ነገር ግን የስም ለውጥ የሚጸድቀው በፍርድ ቤት በሚደረግ መሐላ ብቻ ስለሆነ ቀኑ ሊርቅ ይችላል። ጉዞ ከቀረበ ይለፋችሁ። ሌላው፣ ከመሐላው በፊት ጋብቻው በፍቺ ወይም በሞት ከፈረሰ የሦስት ዓመቱ መንገድ ይዘጋል፤ አምስት ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ነው።

የመሐላው ዕለት የምስክር ወረቀቱን እንደተቀበላችሁ እዚያው ቆማችሁ ስሙን፣ የልደት ቀኑንና ፎቶውን ፊደል በፊደል አንብቡ። ስህተት ካለ ከአዳራሹ ሳትወጡ ተናገሩ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ጉዳዩ ሌላ ማመልከቻና ሌላ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያም በሁለቱም ገጽ ጥሩ ኮፒ አንሡና አስቀምጡ፤ ዋናው ከፓስፖርት ማመልከቻ ጋር ይሄዳልና።

የመጀመሪያ ፓስፖርት ዲኤስ-11 በሚባል ፎርም በአካል ቀርቦ ነው የሚጠየቀው። ብዙ ፖስታ ቤቶች በቀጠሮ ይቀበላሉ፤ ቀጠሮውን ከመሐላው በፊት ያዙት። ፎርሙን ሙሉ ግን አትፈርሙ፤ የሚፈረመው ተቀባዩ ፊት ነው። ክፍያው ለአዋቂ 130 ዶላር ለስቴት ዲፓርትመንት፣ 35 ዶላር ለተቀባዩ ቢሮ ነው፤ ለማፋጠን 60፣ ተመልሶ በፍጥነት እንዲላክ 22.05 ይጨመራል። የስቴት ዲፓርትመንቱ ክፍያ በቼክ ወይም በመኒ ኦርደር ነው፤ ካርድ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ቀጠሮው ይባክንበታል። ፎቶው ሁለት በሁለት ኢንች፣ ያለ መነጽር፣ በነጭ መደብ። በሃይማኖት ምክንያት ዘወትር ራሷን የምትሸፍን ሴት ሸፍና መነሣት ትችላለች፤ ፊቷ ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት፣ ምክንያቱን የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀትም ታያይዛለች።

መደበኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ የተፋጠነው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል ይላሉ፤ ፖስታው በዚህ ውስጥ የለም። ለመሄጃ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ለመመለሻም እስከ ሁለት ሳምንት ጨምሩበት። ስለዚህ መደበኛው አሥር ሳምንት ሊደርስ ይችላል። ከመሐላው እስከ በረራው ቢያንስ ይህን ያህል ክፍተት የሌለው ሰው ያፋጥን። በረራው 14 ቀን ከቀረው በስልክ ወይም በኢንተርኔት ቀጠሮ ይዞ ከፓስፖርት ኤጀንሲዎቹ አንዱ ዘንድ መሄድ ይቻላል፤ ዋሽንግተን፣ አትላንታ፣ ዳላስ፣ ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሲያትልና ሎስ አንጀለስ አሉ። የቲኬቱን ወረቀት ያያሉ። ቀጠሮ መገኘቱ ግን ዋስትና የለውም፤ በዚህ ላይ ዕቅድ አትገንቡ።

ልጆች ደግሞ በራሳቸው ሌላ በር አላቸው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ከእናንተም ጋር የሚኖር ልጃችሁ እናንተ መሐላ ስትፈጽሙ በሕጉ መሠረት ወዲያው ዜጋ ይሆናል። የእንጀራ ልጅ በእንጀራ አባት ወይም እናት በኩል ይህን አያገኝም፤ በወላጁ በኩል ያገኛል። ለልጁ 1,335 ዶላር የሚያስከፍለውን ኤን-600፣ የዜግነት ምስክር ወረቀት መጠየቂያ ፎርሙን፣ መጀመሪያ ማስገባት ግዴታ አይደለም። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከነትርጉሙ፣ ግሪን ካርዱንና የእናንተን የዜግነት ምስክር ወረቀት ይዛችሁ በቀጥታ ፓስፖርት ጠይቁ፤ 100 ዶላርና 35 ዶላር ነው። ከ16 በታች ለሆነ ልጅ ሁለቱም ወላጆች ይቀርባሉ፤ አንዱ ካልቻለ ዲኤስ-3053 የተባለውን የፈቃድ ፎርም በኖተሪ (ፊርማ በሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ፈርሞ ይላክ። የምስክር ወረቀታችሁ ዋናው አንድ ብቻ ስለሆነ የእናንተንም የልጁንም ማመልከቻ በአንድ ቀጠሮ አብራችሁ አስገቡ፤ አለበለዚያ የእናንተ እስኪመለስ የልጁ ይቆማል።

በኢትዮጵያ በኩል ያለውን ቀድማችሁ እወቁት። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ከመሐላው በኋላ በአሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቦሌ መግባት አይገባም። አትጣሉት ግን፤ ለትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው፣ ለቢጫ ካርዱ፣ ማስረጃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ካርዱን ለማውጣት አዲሱ ፓስፖርት አስቀድሞ መገኘት ስላለበት ለመጀመሪያው ጉዞ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ለእያንዳንዳችሁ፣ አሜሪካ የተወለዱት ልጆችም ሳይቀሩ፣ ኢቪዛ ጠይቁ። ኢቪዛውም ቲኬቱም የሚሞላው በአዲሱ ፓስፖርት ላይ ባለው የስም አጻጻፍ ነው፤ በግሪን ካርዱ ላይ የነበረው አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ፣ ቲኬቱን ቀድማችሁ ቆርጣችሁ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ለአየር መንገዱ ደውላችሁ አስተካክሉት።